ማሊያው የታጠበ ሳምንት

እኔ ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ግን ባለፈው ቅዳሜ ለቅሶ ቤት የሰማሁት ነገር ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ እስቲ ልጻፈው ብዬ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እያዞርኩ ነበር። ካኪ የለበሰ ቦርጫም ሰው ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ያወራል። «ዋንጫውን ማን ያሳጣን ይመስላችኋል? አንዲት አጣቢ! ዕድላችንን በሳሙና ፈትጋ ወንዝ ሰደደችው!» ለቅሶ መሆኑን ረስተው ሳቁ። ድምፁን ወዲያው አወቅኩት። ታደሰ ነው፣ የኮሌጁ እግር ኳስ ቡድን አምበል የነበረው። አጣቢዋ ደግሞ እኔ ነኝ።

ያኔ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ነበር። ከቀጨኔ በላይ ዳገቱ ላይ በነበረው ኮሌጅ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ከእትዬ ወርቄ ጋር እሠራ ነበር። አንሶላውንና የወጥ ቤቱን ሽርጥ እሳቸው ያጥባሉ፤ የቡድኑ ማሊያ የኔ ነው። አሥራ አምስት ቀይ ማሊያ፣ ሌላ ቅያሪ የለም።

ቡድኑ የዓመቱን የመጀመሪያ ሁለት ጨዋታ ተሸነፈ። በሦስተኛው ሳምንት ውሃ ጠፋና ማሊያው ሳይታጠብ ገቡበት፤ ሦስት ለዜሮ አሸነፉ። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሊያ ማጠብ ክልክል ሆነ። ጥር አለፈ፣ የየካቲት አቧራ አለፈ፣ ልጆቹ ማሸነፍ ነው። እኔም ከአጥሩ ጀርባ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ፣ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ አያቸው ነበር። ጎል ሲያገቡ መጮህ ስለማፍር ነጠላዬን እነክሳለሁ። ማሊያው ግን ላብ ጠጥቶ ደርቆ፣ መሬት ላይ ሲያስቀምጡት ለብቻው ሊቆም ምንም አልቀረው።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? እነዚሁ ልጆች ጠዋት ክፍል ገብተው ስለ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ይማራሉ። ከሰዓት በኋላ ሳሙና ይፈራሉ! እትዬ ወርቄ ማሊያው የታጨቀበትን ጆንያ በእግራቸው ገፋ እያደረጉ፣ «እኔ ጠበል ስሄድ ይስቁብኛል፤ እነሱ ላባቸውን ይሳለማሉ!» ይሉ ነበር።

የዋንጫው ጨዋታ ግንቦት መጨረሻ ላይ ደረሰ። ዋዜማው ላይ፣ አርብ ከሰዓት በኋላ ታደሰ ብቻውን መጣ።

«ነገ ትልልቅ ጓዶች ይመጣሉ» አለኝ። «ቀርቤ የምጨብጣቸው እኔ ነኝ። እንዲህ እየሸተትኩ እንዴት አድርጌ? ሁሉንም እጠቢልኝ። ለልጆቹ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ከዚያ ቀን በፊት ስሜን እንኳ ጠርቶ አያውቅም ነበር።

ሦስት ጊዜ ውሃ ቀየርኩ፤ ሦስቱም እንደ ጎርፍ ደፈረሰ። ገና ሳሰጣው ዝናቡ መጣ። በከሰል ካውያ ተኩሼ ተኩሼ ስፌቱ ግን አልደርቅ አለኝ። በማግስቱ ልጆቹ ሲለብሱት የሳሙናው ሽታ ፊታቸውን ለወጠው። «ማነው የነካው?» አለ አንዱ። ታደሰ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር።

አንድ ለዜሮ ተሸነፉ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት አግኝተው ነበር፤ ታደሰ ራሱ መትቶ ከአጥሩ በላይ አሻገራት። የኔ ሳሙና ነው እንግዲህ እግሩን የጠመዘዘው!

ሰኞ የኮሌጁ ኮሚቴ ፊት ጠሩኝ። ያልታጠበ ማሊያ ዕድል ያመጣል ብለው ቃለ ጉባኤ ላይ መጻፍ አይችሉም፤ ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ «ያለ ትእዛዝ የቡድኑን ንብረት በመንካት አሻጥር ሠርታለች» ብለው ጻፉ። አሻጥር! በዚያ የአብዮት ዘመን ይህን ቃል የሰማች እናት ልጇን በሕይወት ስለማግኘቷ ነው የምትጨነቀው። እትዬ ወርቄ ከበሩ ላይ፣ «ልጅቷ የታዘዘችውን ነው የሠራችው! ማን እንዳዘዛት ጠይቋት እንጂ!» ብለው ጮኹ። ሊቀመንበሩም፣ «ማን አዘዘሽ?» አለኝ።

ታደሰ ከኮሚቴው ጋር ተቀምጧል፤ እስክሪብቶውን በጣቶቹ ያሽከረክራል። አየሁት። አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩት። እኔም መሬት መሬት እያየሁ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴም እንደ ማመን ተቆጠረብኝ። ከሥራ ተባረርኩ። ከዚያ በኋላ በየሄድኩበት መሥሪያ ቤት ያ ወረቀት ቀድሞኝ እየደረሰ፣ ይኸው አሥር ዓመት ሙሉ ከሰው ቤት ሰው ቤት እየዞርኩ ልብስ አጥባለሁ።

ታዲያ ቅዳሜ ዕለት ታደሰ ከድንኳኑ ሲወጣ ትሪውን አስቀምጬ ተከተልኩት። «ጋሼ ታደሰ» አልኩት፣ «እጠቢ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ረስቶት ይሆናል ብዬ ነበር። በየቦታው ሲያወራው ወሬው እውነት መስሎት ይሆናል፣ የረሳ ሰው ደግሞ ይቅር ይባላል ብዬ ነበር። እሱ ግን አልደነገጠም። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ታዲያ ያን ዕለት ሲጠይቁሽ ለምን አልተናገርሽም?»