ቀን የምትጠይቀኝ ጎረቤት

ድሬዳዋ የመጣሁት ባሌን ከቀበርኩ በኋላ ልጄ «ብቻሽን አትኖሪም» ብላ ከመንዝ ስታስመጣኝ ነው። ያን ጊዜ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። እሷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ ባሏ ምድር ባቡር ነው። ሁለቱ ሲወጡ ቤቱ የእኔና የዝንብ ይሆናል። አገሬ ሳለሁ ውኃ እቀዳለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ብቻ አንድ ዳገት እወጣለሁ። እዚህ ግን ሁሉም ነገር በሬ ድረስ ይመጣል፤ እንጨቱ በግመል ተጭኖ፣ ውኃው በቧንቧ። ሙቀቱ ደግሞ ከጥላ አያስወጣም። በሁለት ዓመት ውስጥ ጉልበቴ እንደ ዛገ መቀርቀሪያ ሆነ፤ ካልገፉት አይንቀሳቀስም።

ጠርጣራ መሆኔን አልክድም። ጊዜውም ጠርጣራ ነበር። ሰው ጎረቤቱን ደህና አደርክ ሲል እንኳ ግራ ቀኙን አይቶ ነው። ግድግዳ ጆሮ አለው የሚለውን እንደ ተረት የሚሰማው አልነበረም። በዚያ ላይ የሰው አገር ነው። ከሚወራው ግማሹ ኦሮምኛ፣ ሩቡ ሶማልኛ ነው፤ አማርኛ ነው ብዬ ጆሮዬን ስሰጠው ደግሞ መሐል መንገድ ላይ ይታጠፍብኛል። ያልገባኝን ሁሉ ስለ እኔ የተወራ አድርጌ መቁጠር ለመድኩ።

አንድ ጠዋት እየሰገድኩ ሳለ ግንባሬን ከመሬት ሳነሳ ቤቱ ዞረብኝ። ከዚያ የማስታውሰው ልጄ ፊቴን በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርገው ነው። ወደ ክሊኒክ በጋሪ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ከሶሻሊስት አገር የመጣ ፈረንጅ ነበር፤ የሚለውን አንዲት ነርስ ታስተረጉማለች። ክንዴን አስሮ ነፋው፣ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ደም ግፊት ነው ይላሉ፣ እማማ» አለችኝ ነርሷ። «ጨው ይቀንሱ። ጠዋት ጠዋት ይራመዱ። ቀኑን ሙሉ ብቻዎን አይቀመጡ። ደግሞ ራስዎን ወደ መሬት አይድፉ።»

«ስግደት አትስገጂ ማለት ነው?»

ነርሷ ሐኪሙን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ራስዎን ወደ መሬት አይድፉ ነው ያሉት።»

እግዜር የለም ከሚሉበት አገር መጥቶ ከሁሉ አስቀድሞ የከለከለኝ ስግደት መሆኑ ለእኔ ግልጽ ነገር ነበር። ስንወጣ ደግሞ ነርሷ ልጄን ወደ ጎን ስባ፣ ከሦስት ወር በኋላ እንድትመልሰኝ፣ እስከዚያ ካልተሻለኝ ቤት ውስጥ ብቻዬን መተው እንደሌለብኝ ስትነግራት ሰማሁ። ጉልበቴ ነው እንጂ ጆሮዬ አልደከመም።

በዚያው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ ጋደም ባልኩበት፣ ልጄና ባሏ ከመጋረጃው ወዲያ ሲያወሩ «ለአጎቴ ልጻፍለት እንዴ?» አለች። «ብትወድቅ ማን ያነሳታል? እኔ ፈረቃ፣ አንተ መንገድ።» ባሏ የመለሰላትን አልሰማሁም። አጎቷ መንዝ ያለው ወንድሜ ነው። ሰውየው ደግ ነው፤ ሚስቱ ግን እንግዳ ሦስተኛ ቀን ከሰነበተ ድመቷን በስሙ የምትሳደብ ሴት ናት። ለክረምቱ ብርድና ለእሷ ቤት የቀረ ዕድሜዬን ልሰጥ ነው ማለት ነው። ከልጄ ተለይቼ። ያን ዕለት ለራሴ ማልኩ፦ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ውስጥ የታመመች ሴት አያዩም። ሲያዞረኝ ግድግዳ ይዤ ነጠላ የማስተካክል እመስላለሁ። የረሳሁትን ነገር አልጠይቅም። ምሳዬን ጨው ሳይነካው ሲያቀርቡልኝም፣ ጨውም ተቆጠረብኝ እያልኩ በሆዴ፣ ዝም ብዬ እበላለሁ።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። አጥራችንን የምትዋሰነው ጎረቤት ነበረች፤ ከሐረር ወዲያ ካለው ገጠር ገብታ አራት ዓመቷ የሆነ፣ ኦሮሞ፣ እስላም፣ ከእኔ ጥቂት የምታንስ፣ ጠና ያለች ሴት።

«ተነሺ፣ እንሂድ» አለችኝ።

ተነሺ! እኛ አገር ከገዛ ልጅ በቀር ታላቅን አንቺ የሚል ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ብቻ ነው። ድሬ ሰውን ሁሉ አንተና አንቺ እንደምትል ልጄ ነግራኛለች፤ ቢሆንም ጆሮዬ አልለመደውም።

«ወዴት ነው?»

«በእግር። ደቻቱን ይዘን ቀፊራ ደርሰን እንመለሳለን።»

«ምን ልንገዛ?»

«ምንም።»

ምንም ለማይገዛ ሰው ገበያ ምን ይሠራለታል? እምቢ ልላት ነበር፤ ግን በዚያ ዘመን እምቢታም ያስጠረጥራል። ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኳት።

ደቻቱ ወንዝ ነው ይሉታል፤ ከዓመት ዓመት ግን አሸዋ ነው። አሸዋው እግር ይውጣል። በመጀመሪያው ቀን ቀፊራ ሳንደርስ ሦስት ጊዜ አረፍኩ። እሷ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ከመቀነቷ ተምር አውጥታ ትሰጠኛለች። ከእጇ መቅመስ ፈራሁ።

«ጾም ነኝ» አልኳት።

በማግስቱም ጾም ነኝ፣ በሦስተኛውም ጾም ነኝ።

«አቦ፣ እናንተ ፋሲካ የላችሁም እንዴ?» አለች። «እኔ ረመዳን አንድ ወር ጾሜ እደክማለሁ። አንቺ ተወልደሽ እስክትሞቺ ልትጾሚ ነው?»

ሳቄ መጥቶ ዋጥኩት።

የጠረጠርኳት ግን በተምሩ አይደለም፤ በጥያቄዋ ነው። በየማለዳው ስንጀምር ትጠይቀኛለች። እንቅልፍ ወሰደሽ? ትናንት ምን በላሽ? መድኃኒትሽን ዋጥሽ? እና አንዳንድ ቀን መጨረሻ ላይ፣ ነገሩ እንዳይታወቅባት ወደ ሌላ እያየች፦

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

ቀን የሚጠይቅ ሰው ምን ሊመዘግብ ነው? መጀመሪያ ቀን የጠየቀችኝ ዕለት «አቦ ነው» አልኳት።

«አቦ ምን?»

«አቦ ነዋ!»

መንገዷን ቀጠለች። ከሳምንት በኋላ እንደገና ስትጠይቀኝ «ሚካኤል ነው» አልኳት።

«ሚካኤል ማነው? የት ነው የሚኖረው?»

በሃይማኖቴ ልታፌዝ ነው፣ ወይ ደግሞ ስም ለቃቅማ የምታደርስበት ቦታ አለ። አድራሻም ጠየቀች እኮ! ከዚያ ወዲያ ከንፈሬን ገጠምኩ። በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከሊቀ መንበሯ አጠገብ ተቀምጣ ሳያት፣ ቧንቧው አጠገብ ደግሞ ከልጄ ጋር ድምፅ ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩና እኔ ስደርስ ስለ ሳሙና ሲያወሩ ሳገኛቸው፣ ነገሩ በልቤ አለቀ።

ከሁሉ የከፋው ግን ስድቡ ነው። ቀፊራ ጫፍ ላይ ጎመን የምትሸጥ ሴት አለች። እኛን ባየች ቁጥር ጎረቤቴን «ጃርቲን አከም ቡልቴ?» ትላታለች፣ ወደ እኔ በአገጯ እያመለከተች። ጎረቤቴም ጃርቲ እንዲህ፣ ጃርቲ እንዲያ እያለች ታወራላታለች። ጃርት! ጃርት የሰው ድንች ቆፍሮ የሚበላ አውሬ ነው። የልጇን ቤት እህል ቁጭ ብላ የምትጨርስ ማለታቸው ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ስግደቱን ለጊዜው ተይው፤ የታመመ ቆሞም ተቀምጦም ይጸልያል» አሉኝ። «ሴትዮዋስ?» አልኳቸው። «ከእሷ ጋር መሄድ ከጀመርሽ ወዲህ ጉልበትሽ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የጠየቅኳቸው ሌላ፣ የመለሱልኝ ሌላ። እሳቸውንም ጠረጠርኳቸው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እውነቱን ለመናገር ግን የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ያን ሰሞን ምንም ሳልይዝ ነበር የወጣሁት። ቀፊራ ድረስ አንዴም አላርፍም። ጋደም ስል እንቅልፍ ቶሎ ይወስደኛል። ይህን ሁሉ በየእሑዱ ለምጠጣው ጠበል ሰጠሁት፤ ለአሸዋው ምንም አላካፈልኩትም።

ሦስተኛው ወር ሊሞላ ሲል አንድ ማለዳ ጎመን ሻጯ እንደ ልማዷ «ጃርቲን…» ስትል ትዕግሥቴ አለቀ። በገበያው መሐል ቆምኩ።

«እኔ ነኝ ጃርት?» አልኩ። «የማንን ድንች በላሁ? የማንን ማሳ ቆፈርኩ? ንገሩኝ እስቲ!»

ሁለቱ ተያዩ። ጎመን ሻጯ አማርኛ ብዙም አትችልም፤ ጎረቤቴ በኦሮምኛ ስትነግራት ሴትዮዋ ጎመኗ ላይ ተደፋች። በሳቅ ነው። ጎረቤቴም አሸዋው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፤ እንባዋን በሻሿ ትጠርጋለች።

«ጃርት አይደለም፣ አቦ! ጃርቲ! ጃርቲ ማለት አሮጊት፣ ትልቅ ሴት ማለት ነው። አሮጊቷ እንዴት አደረች ነው የምትለኝ። እኔም ጃርቲ ነኝ፣ እሷም ጃርቲ ናት፤ ገበያው ሞልቷል!»

አፈርኩ። ያፈረ ሰው ደግሞ መሸሻ ይፈልጋል፤ እኔም ወደ ሌላው ክስ ዞርኩ። «እሺ፣ ቀንስ ለምን ትጠይቂኛለሽ? ማነው የላከሽ?»

ሳቋ ቆመ። «ልጅሽ ናታ» አለች። «ሐኪሙ አሏት፣ ቀን ጠይቁ፣ ጭንቅላቷ ደህና መሆኑ ይታያል አሏት። እሷ ማልዳ ፋብሪካ ትገባለች። አንቺ አብረሻት ስትሄጂ ጠይቂልኝ አለችኝ።»

«እና ምን ብለሽ ነገርሻት?»

አሸዋውን በጣቷ ጫር ጫር አደረገች። «እውነቱን ነዋ። ቀን አታውቅም፣ ቀን ስጠይቃት የሰው ስም ትጠራለች አልኳት።»

የመንዝ ብርድ መጣብኝ። በዚያ ሙቀት! አጠገቧ ተቀመጥኩ። በእኛ ዘንድ ቀን ሁሉ ባለቤት እንዳለው ነገርኳት። አንድ ብሎ ልደታ፣ አምስት አቦ፣ አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም። አላመነችኝም መሰለኝ፤ ስለዚህ ከአንድ እስከ ሠላሳ ያሉትን በቃሌ፣ ሳልደናቀፍ፣ እያንዳንዱን በጣቴ ቆጠርኩላት። አፏን ከፍታ ሰማችኝ።

«ሠላሳውንም?»

«ሠላሳውንም። የዓመቱንም ልጨምርልሽ?»

«ወላሂ እኔ የልጆቼን ስም እንኳ እያምታታሁ ነው የምጠራው!» አለችና ፊቷ ተለወጠ። «ውይ፣ ምን አደረግኩሽ? ዛሬውኑ ለልጅሽ እነግራታለሁ።»

«ተይ» አልኳት። «እኔ እነግራታለሁ።»

ልጄ ከፈረቃ ስትመለስ ጫማዋን እስክታወልቅ ጠበቅኳት። «ለአጎትሽ ጽፈሻል?» አልኳት።

ቀና አላለችም። «ጽፌያለሁ።»

«መለሰ?»

«ትምጣ ብሏል።»

ተሳስቼ ቢሆን እመርጥ ነበር። ጎረቤቴን በከንቱ ስጠረጥር ከርሜ፣ ልጠረጥራት ያልፈለግኳት ልጄ ላይ ስደርስ ልክ ሆንኩ። ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም አልኳት። ማልቀስ ጀመረች።

«ፈራሁ፣ እማዬ። የጋዙን ምድጃ ለኩሰሽ ረስተሽው የወጣሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ማሽኑ ፊት ቆሜ የማስበው እሱን ብቻ ነው። ጎረቤታችን ደግሞ ቀን አታውቅም አለችኝ። ቢያንስ እዚያ ቀኑን ሙሉ ሰው አለ ብዬ ነው። ብጠይቅሽ ደግሞ ደህና ነኝ ነው የምትይው። መች እውነቱን ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?»

እውነቷን ነው። ግድግዳ እየያዝኩ ነጠላ ሳስተካክል የከረምኩት እኔ ነኝ። ስለ ቀኑ ነገርኳት፤ እያለቀሰች ሳቀች። ምድጃው ግን እውነት ነበር፤ እሱን በሳቅ ማለፍ አልቻልንም። ሐኪሙ ጋ እንቅረብና እሳቸው ባሉት ይወሰን ተባብለን ተስማማን።

ክሊኒኩ የሄድኩት በእግሬ ነው። ጋሪውን ልጄ ብትጠራውም አልወጣሁም። ያቺው ነርስ ነበረች። ሐኪሙ ክንዴን ነፍቶ አየና በጣቱ ወደ ታች አመለከተ፤ ግፊቱ ወርዷል። ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

«እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ» አልኳት። ከዚያ መታገስ አቃተኝና «ገብርኤል» አልኩ።

ነርሷ ቶሎ ብላ በሩን አየች። የተዘጋ መሆኑን አይታ፣ እስክሪብቶ ከመሬት እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ብላ፣ «ይለምኑልኝ» አለችኝ በሹክሹክታ። ወዲያው ቀና ብላ ለሐኪሙ በቋንቋው ምን እንደነገረችው አላውቅም፤ ጻፈ።

«ብቻዎን ነው የሚውሉት? ይላሉ።»

ልጄ ልትመልስ ነበር፤ ቀደምኳት። ጠዋት ከጎረቤቴ ጋር እሄዳለሁ፣ ከሰዓት እሷ እኔ ዘንድ ወይም እኔ እሷ ዘንድ ነን አልኩ። ልጄ ቤት ከሌለች ምድጃውን አልነካም፤ ምሳዬን ቀዝቃዛውን እበላለሁ አልኩ። ይህን ስናገር አንገቴን ደፋሁ፤ ደህና ነኝ ከማለት ይከብዳል። በመጨረሻ ስግደቱን አስጠየቅኩ። ቀስ ብላ፣ ወንበር ይዛ፣ ግንባሯን ሳታወርድ ይቻላል አለ። የንስሐ አባቴም ከዚህ የራቀ አላሉኝም ነበር።

«እንግዲህ ለአጎቴ ምን ብዬ ልጻፍለት?» አለችኝ ልጄ በመንገድ።

«አንቺ አትጽፊም።»

ንባብ ከአባቴ በዳዊት ተምሬያለሁ፤ መጻፍ ግን ያስተማረኝ የቀበሌው መሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ዘመን የማመሰግነው እሱን ነው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ወንድሜ ሆይ፣ ስለ ቤትህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ነገር ግን አልመጣም፤ ታምሜ ነበር፣ አልተናገርኩም ነበር፣ አሁን እናገራለሁ፣ እሄዳለሁም፣ ብዬ ጻፍኩለት። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ የሚለውን ጽፌ ሰረዝኩት፤ ከዚያ ኃጢአት እንዳይሆንብኝ መልሼ ጻፍኩት።

የልጄ ባል «ወደ ጣቢያ ስሄድ በፖስታ ቤት በኩል ነው የማልፈው፣ ልጣልልሽ» አለኝ። እኔ አደርሰዋለሁ አልኩት።

በማግስቱ ከጎረቤቴ ጋር ቀፊራን ትተን ወደ ፖስታ ቤቱ ሄድን። ገና አልተከፈተም፤ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ተምር ሰጠችኝ፣ በላሁ።

«የልጅሽ ባል በዚህ ያልፍ የለ?» አለችኝ። «አታምኚያቸውም እንዴ?»

«አምናቸዋለሁ» አልኳት፣ ደብዳቤውን ከነጠላዬ ሥር በሁለት እጄ እንደያዝኩ።