ጨረሩ የባለቤቴን አፍ ባቆሰለው ጊዜ

መጀመሪያ ያየነው ምላሱ ጠርዝ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል ነበር። ባለቤቴ ጉዮ ሞያሌ ውስጥ ጎዶማ በሚባለው ገበያ የከብት ደላላ ነው፤ ሲጮህ ስለሚውል ጥርሱ የነከሰው መስሎን ተውነው። ቁስሉ አልድን ሲል ሞያሌ ሆስፒታል ሄዶ ናሙና ሰጠ። ካንሰር ነው ተባልን። ናይሮቢ ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና ጨረር ጀመረ።

ከሳምንታት በኋላ አንገቱ ጠቆረ። ከዚያ ተላጠ። አፉን ነጭ ቁስል ሞላው፤ ሐኪሞቹ ሙኮሳይቲስ ይሉታል። ምራቁን መዋጥ አቃተው። ውሃም አቃተው።

«በቃኝ፤ ቤቴ ልሙት» አለኝ።

በዚያው ሰሞን እናቱ አዮ ሎኮ ኦቦ ከሚባለው አገራቸው ናይሮቢ ድረስ ቅቤ ይዘው መጡ። «የተቃጠለ ቆዳ መድኃኒቱ ይኼ ነው» ብለው አንገቱን ሊቀቡት ተነሡ። ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ የመጡ አማትን እጅ እንዴት ልያዝ? ጨረሩን የምትከታተለውን ሐኪም ጠራኋት። እሷ በስዋሂሊ ትናገራለች፣ እኔ በኦሮምኛ አስተረጉማለሁ።

«ማማ፣ ክፍት ቁስል ላይ ቅቤ ከገባ ያመረቅዛል። አንገቱን ለእኔ ይተዉልኝ፤ እርስዎ እግሩን ይሹት።»

አዮ ቅቤውን እንደያዙ ወደ እግርጌ ዞሩ። ከዚያ የልጃቸውን እግር ጭናቸው ላይ አኖሩ።

ሐኪሟ ወደ ጉዮ ዞረች። «ጨረሩን ካቋረጥክ ካንሰሩ ሊመለስ ይችላል። ግን ሕመምህን ሳልቀንስልህ ቻለው አልልህም።»

ለአፉ ሊዶኬይን ጄል፣ ለአንገቱ ሲልቨር ሰልፋዲያዚን የሚባል የቃጠሎ ክሬምና ቁስል ላይ የማይጣበቅ ፋሻ አዘዘች። ክሬሙ ከጨረር በኋላ ይቀባል፤ ከሚቀጥለው ጨረር በፊት በለብታ ውሃ ይታጠባል። ጄሉን አፉ ውስጥ ያዘ። አፉ ደነዘዘ። ቀዝቃዛ ወተት ሰጠሁት። ዋጠ። እንባው ወረደ።

«ነገ ለጨረሩ እንሄዳለን» አለ።

ጨረሩን ከጨረሰ በኋላም ቁስሉ ወዲያው አልተወውም፤ ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ያለው ቤታችን ከተመለስን በኋላ ግን በጨውና በመጋገሪያ ሶዳ ውሃ እየተጉመጠመጠ፣ አንገቱን ከፀሐይ በስስ ጥጥ ጨርቅ እየሸፈነ፣ ከአጥሚት ወደ ለስላሳ ምግብ ቀስ በቀስ ተሻገረ። ምራቁ እንደ ድሮው አልተመለሰም፣ ድምፁም ሰልሏል፤ ገበያ ሲውል ሻጭና ገዢ ጆሯቸውን አስጠግተው ይሰሙታል። ለምርመራ በተጠራ ቁጥር ሁላችንም እንፈራለን።

ያቺን ሐኪም እግዜር ይስጣት፤ ልጁን ስታክም እናቱን አላሳፈረችም። እናንተም አስታማሚዎች፣ ሳትጠይቁ ምንም አትቀቡ። በሽተኛችሁ «በቃኝ» ሲል ደግሞ አትቆጡት፤ የቱ ጋ እንዳመመው ጠይቁት።