ግድግዳ ውስጥ የሚገባው በር

አባቴን ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው «ጋሽ መቃን» በሚል ቅጽል ስም ነው። አርባ ዓመት በር ሲሠራ የኖረ አናጢ ነው፤ የሚወደው ግን በሩን ሳይሆን በበሩ ዙሪያ የሚመታውን የእንጨት ክፈፍ ነው። «በርማ ማንም ይሠራል። የግንበኛን ጥፋት የሚሸፍነው ክፈፍ ነው» ይላል። ስንት ጠማማ ግድግዳ በእሱ ክፈፍ ሰው መስሎ ኖሯል።

እንግዲህ ይህን ሰው አስከትዬ ነው በር ልመርጥ የሄድኩት። ጉዳዩ የእማዬ ነበር። ከታመመች ወዲህ የምትሄደው የብረት መደገፊያ እየገፋች ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ወደ ውስጥ ስለሚከፈት፣ ከነመደገፊያዋ ከገባች አይዘጋም። ስለዚህ አባዬ ጀርባውን ሰጥቶ እስክትጨርስ ደጃፉ ላይ ይቆማል። ዓመት ሙሉ እንዲህ! «አንድ ቀን እንኳ በሬን ራሴ ዘግቼ ብቀመጥ» ብላ አልቅሳብኛለች።

ሻጩ ባዶ ግድግዳ ፊት አቆመንና «ይኸውላችሁ» አለ። አባዬ ግድግዳውን አየ፤ እኔን አየኝ።

«የታለ?»

ሻጩ ጣቱን ሰደድ አድርጎ ሲስብ በሩ ከግድግዳው ሆድ ውስጥ ወጣ። ማጠፊያ የለው፣ ዙሪያው ላይ አንዲት ጣውላ የለ፤ ልስኑ እስከ በሩ አፍ ድረስ መጥቶ ቀጥ ብሏል።

«ወይ ጉድ! ክፈፉስ?»

«የለውም አባባ። አሁን ሰው የሚፈልገው እንዲህ ልሙጡን ነው።»

«ግድግዳው ቢጣመም ታዲያ ምን ይሸፍነዋል?»

«ግድግዳው አይጣመማ!»

አባዬ ግራ ገብቶት የልስኑን ጫፍ በጣቱ ዳበሰ። እኔም ብሆን ግራ ገብቶኛል። ሻጩ ሦስት ዓይነት ነጭ ደርድሮ «የቱ ይሁን?» ሲለኝ፣ አንዱን ከአንዱ ሳልለይ እንደ አዋቂ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። በመጨረሻ ሰፊውን፣ በአንድ ጣት የሚሳበውን መረጥኩ። አባዬ እስከ ቤት ድረስ «ክፈፍ የሌለው በር!» እያለ መጣ።

በሩ ተገጥሞ ቀለሙ የደረቀ ዕለት እማዬ ብቻዋን ገባች። በሩን ሳበችው። ንቅንቅ አላለም። ደግማ ሳበችው።

«ለእኔ ብሎ በር!» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ።

ክው አልኩ። ያን ሻጭ በሆዴ እየረገምኩ ስጠጋ፣ ከበሩ ጎን ባዶው ግድግዳ ላይ አዲስ የፎጣ መስቀያ አየሁ።

«አባዬ፣ ይሄን ማን መታው?»

«እኔ ነኛ! እናትሽ ፎጣዋን ቅርብ እንድታገኘው ብዬ ነው። ባዶ ግድግዳ አይደል እንዴ?»

«በሩ እኮ እዚያ ውስጥ ነው ያለው!»

አርባ ዓመት በር የሠራ ሰው፣ በሩን ከግድግዳው ጋር ቸንክሮት ቁጭ! ልስቅ ብዬ ፊቱን ሳየው ተውኩት። የሚገባበት ጠፍቶት ነበር።

ጉጠቱን አምጥቶ ሚስማሮቹን ነቀለ። እማዬ በጣቷ ሳበች፤ በሩ ኮሽ ሳይል ሄዶ ግጥም አለ። ከውስጥ ብቻዋን ስትስቅ ሰማናት።

አባዬ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

«አለህ እንዴ?» አለች ከውስጥ።

«አለሁ።»

«ምን ትሠራለህ? ሂድ እንጂ!»

ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። ጉጠቱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«የት ነው የምሄደው?» አለኝ በሹክሹክታ።