የለመኑልኝ ብስክሌት

ሆላንድ ልሄድ መሆኔን ስናገር፣ ከፍኖተ ሰላም ሰው ማንም «በየትኛው ብስክሌት?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። «መቼ ነው?» ይሉኛል፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው «በዚያው ነው አይደል?» ይላሉ። በእኛ ከተማ ውጭ አገር የሚኬደው ለመቅረት ነው። ሰው ብስክሌት ለመንዳት ብቻ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ነድቶ፣ ላቡን ጠርጎ ይመለሳል ብሎ የሚያምን አንድ ጎረቤት አልነበረኝም። እኔም «የመምህራን ጉዞ ነው፤ እነዳለሁ፤ እመለሳለሁ!» እያልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ እከራከር ነበር። የሚያናድደኝ ስላልገባቸው አልነበረም፤ ስለገባቸው ነው።

በዚያው ልቀር አስቤ ነበር። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ልገላገል፤ የሚቀጥለው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

የስፖርት መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን ሲከፈት ሲዘጋ፣ መንገዱም እንደዚያው ሲከፈት ሲዘጋ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሆኜ ነበር። ከዓመታት በፊት ትምህርት ቤታችን መጥታ የነበረች አንዲት ሆላንዳዊት መምህርት፣ በብስክሌት ቡሬ ድረስ እየሄድኩ እንደምመለስ ታውቃለችና ከየአገሩ የሚሰበሰቡ መምህራን ከከተማ ከተማ በሚነዱበት የአንድ ሳምንት ጉዞ ላይ ጋበዘችኝ። ቪዛው ይመጣል ብዬ አላመንኩም ነበር፤ መጣ። «ብስክሌትህን ይዘህ ና፤ ካልሆነ በእኔ ስም ከዚህ እንከራያለን። ወስንና ንገረኝ» አለችኝ።

ውሳኔው ቀላል ይመስላል። ለእኔ ግን ቀላል አልነበረም፤ ምክንያቱም ብስክሌት ስመርጥ የምመርጠው አጠፋፌን ነበር። ኪራዩን ወዲያው ተውኩት። በእሷ ስም የተከራየችልኝን ትቼ ብሰወር የምትዋረደው እሷ ናት፤ ያበላውን ቤት ሌባ እንኳ ያፍረዋል። የራሴ ብስክሌት ደግሞ ወፍራም ጎማ ያለው፣ ከባድ፣ ዳገት ላይ ማርሹ እየዘለለ የሚያሳፍር ማውንቴን ነው። ለገጠሩ ኮረኮንች ጥሩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በለሰለሰ አስፋልት ለመንዳት ግን ቅጣት ነው። አንድ በጎ ነገር ነበረው፤ የራሴ ነው። አንዱ ባቡር ጣቢያ ግድግዳ አስደግፌው ብሄድ የት አደረስከው የሚለኝ የለም። ስለዚህ የራሴን መረጥኩ። ለሚጠይቀኝም «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እላለሁ፤ ሰዎቹም ቁም ነገረኛ ነው ብለው ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል።

እውነቱን የነገርኩት ለንስሐ አባቴ ብቻ ነው። ከአባቴ ሞት ጀምሮ ቤታችንን የሚጠብቁ፣ ትንሽ የሚናገሩ ሽማግሌ ካህን ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠን እናቴን ሳልነግራት ልቀር እንዳሰብኩ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «መቼ ነው የምትሄደው?» አሉኝ። ከፋሲካ በኋላ እንደሆነ ስነግራቸው «እንግዲያስ ጊዜ አለህ፤ ጸልይበት» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ቀለል ብሎኝ ወደ ቤት ሄድኩ።

ስህተቱን የሠራሁት በዚያው ሰሞን ነው። እናቴ ስንዴ እየለቀመች «ያ ከባድ ሳይክል ጉልበትህን አይጨርሰውም ወይ?» አለችኝ። ዝም ብል ይበቃ ነበር። ግን የሚያሳስበኝ መንዳቱ ብቻ እንደሆነ ላሳያት ፈለግሁ።

«ምን ላድርግ እማዬ፤ ለዚያ አገር መንገድ የሚሆነው የቡሬው ሰውዬ ኮርስ ሳይክል ነበር። እሱ ደግሞ ለማንም አይሰጥም» አልኳት።

የቡሬው ሰውዬ የቀድሞ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነው። አሁን ወደ ነቀምት መገንጠያው ግድም የብስክሌትና የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አለው። የተወዳደረበትን ቀጭን ጎማ ብስክሌት በነጭ አንሶላ ጠቅልሎ ከጣሪያው ሥር ሰቅሎታል። ልጆቹ እንኳ ተቀምጠውበት አያውቁም። ስሙን የጠራሁት እንደማይገኝ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው።

«ተለምኖ ያውቃል?» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከስንዴው ሳታነሳ።

ሳቅሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን ከአፌ ምን እንደወጣ እንኳ አላወቅሁም።

በሳምንቱ፣ የገበያ ቀን፣ ሰውዬው ደወለልኝ። ሰላምታም አልሰጠኝ። «ሰዎችህን መጥተህ አንሳልኝ! ሦስት ሽማግሌ ሱቄ ውስጥ ቆመው አንቀመጥም ብለዋል። መንገደኛው ሁሉ ልጅህን ልትድር ነው ወይ ይለኛል። እኔ ሴት ልጅ የለኝም!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

በሚኒባስ ቡሬ እስክደርስ ተቁነጠነጥኩ። በእኛ አገር ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ነው፤ ለእርቅ ነው፤ ደም ለማድረቅ ነው። ለብስክሌት ሽማግሌ ሲላክ ሰምቼ አላውቅም። ሱቁ በር ላይ የባጃጅ ሾፌሮች ተሰብስበው ይሳሳቃሉ። ውስጥ ከተደረደሩት ጎማዎች መካከል አጎቴ፣ ጎረቤታችን የሆኑት አዛውንትና የንስሐ አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰውዬው ሦስት በርጩማ አውጥቶላቸው ሦስቱም ባዷቸውን ናቸው።

«አባቴ፣ እባክዎ አንቱ እንኳ ይቀመጡ» ይላል ሰውዬው፣ በላብ ርሶ።

«ልጃችን፣ ቁጭ ብለን የምንለምን ሰዎች አይደለንም» አለ አጎቴ። «የዚህ ልጅ እናት፣ ባሏ የሞተባት እህቴ፣ ሂዱልኝ ብላን መጥተናል። ያንን የሰቀልከውን ለልጃችን አውስልን። እሺ ስትለን እንቀመጣለን።»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ነህ የላክሃቸው?»

አይደለሁም ብል ሽማግሌዎቹን ማዋረድ ነው። ነኝ ብል ውሸት ነው። ግሪስ የጠጣውን መሬት አየሁ።

«እሺ፤ ልስጥ» አለ ሰውዬው። «ባይመለስስ? የሄደው ሁሉ በዚያው ነው የሚቀረው። የዚህን እኩያ ከየት አመጣለሁ? ወጣትነቴ እኮ ነው ያ የተሰቀለው።»

አጎቴ ተቆጣ። «የማንን ልጅ መሰለህ! የእኛ ልጅ እናቱን ትቶ የሚቀር ነው? ምነው፣ ቢያንስ እኛን እይ እንጂ!» አለ። ድምፁ ውስጥ አንዲት የጥርጣሬ ጭላንጭል አልነበረችም። ሰው ባላደረገው ነገር ሲሰደብ እንደሚቆስል አውቃለሁ፤ በሌለው ነገር ሲመሰገን ግን ይብሳል። መግቢያ ቀዳዳ ፈለግሁ።

ይኼኔ የንስሐ አባቴ እጃቸውን አነሡ።

«እኔ ዋስ እሆናለሁ» አሉ። «መማል አልምልም፤ አልተፈቀደልኝም። ብስክሌቱም ልጁም ይመለሳሉ። ባይመለሱ በዚህ በቡሬ መንገድ ጥላዬን ዘርግቼ፣ ለምኜ እተካልሃለሁ።»

በር ላይ የነበሩት ሾፌሮች እንኳ ሳቃቸውን አቆሙ። ካህን ጥላ ዘርግቶ የሚለምነው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ነው እንጂ ለሰው ብስክሌት አይደለም። እኒህ ሰው ደግሞ ልቀር እንዳሰብኩ ከራሴ አፍ የሰሙ ብቸኛ ሰው ናቸው። እያወቁ ነው ዋስ የሆኑት። እንዲህ ያለ እፍረት ከዚያ በፊት ደርሶብኝ አያውቅም። «አይ አባቴ፣ እኔ ታማኝ አይደለሁም» ብል ሁሉም ይሰማል። «አልወስደውም» ብል ቆመው የለመኑልኝን ሰዎች ፊታቸው ላይ መትፋት ነው። ዝም ብል ግን የምዋረደው በእሳቸውና በራሴ ፊት ብቻ ነው። ዝም አልኩ። ያኔም ያሰብኩት ለራሴ ነበር።

ሰውዬው መሰላል ዘረጋ። ብስክሌቱን አውርዶ አንሶላውን ገለጠው። ሽማግሌዎቹ ወዲያው ተቀመጡ፤ ለስላሳ አዘዘላቸው፤ መረቁት። እኔ መሪውን ይዤ ቆሜያለሁ። ብስክሌቱ በአንድ እጅ የሚነሳ ነበር።

ስንመለስ ብስክሌቱ ሚኒባሱ ላይ ተጫነ፤ አጎቴ በየቁልቁለቱ «ኧረ ቀስ!» እያለ ሾፌሩን ያስጨንቀዋል። እኔ ከንስሐ አባቴ አጠገብ ነበርኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አባቴ፣ የነገርኩዎትን ረስተውት ነው?» አልኳቸው።

«ምን ነግረኸኛል?» አሉ፣ በመስኮቱ የበቆሎውን ማሳ እያዩ። «እኔ የሰማሁት የለም። የሰማው እግዚአብሔር ነው።»

ቤት እንደገባሁ እናቴ ላይ ጮኽኩባት። የጮኽኩት ስላፈርኩ ነው፤ የሚያፍር ሰው የሚጮኸው እናቱ ላይ ነው። «ማን ላኪ አለሽ? አገር አሳቅሽብኝ! ብስክሌት አለኝ አይደል?» አልኳት።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «ያንተን ይዘህ ብትሄድ ማን ይጠይቅሃል?» አለች።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«የእድሩን ቦታህን ወደ ወንድምህ ያዞርክ ዕለት ነው የገባኝ» አለች። «ለሳምንት የሚሄድ ሰው እድር ያስተላልፋል እንዴ? አትቅር አልልህም፤ የልጇን እንጀራ የዘጋች እናት አልባልም። አትቅር አልኩህ? አላልኩህም። ሳይክል ነው የለመንኩልህ።»

ይህን ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ወንበሩ ላይ ቀረሁ፤ የሰው ብስክሌት ከፊቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እናቴ ከጉዞዬ ልታስቀረኝ ሳይሆን ልታስመልሰኝ ሽማግሌ መላክ አስፈልጓት ነበር። ልጇ ስለሆንኩ ብቻ እንደማልመለስላት አውቃለች።

ሄድኩ። አነዳዱ ግሩም ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። መንገዱ ዳገት አያውቅም፤ ነፋሱ ግን ከፊት እየገፋ ዳገት ይሆናል። ባልደረቦቼ ብስክሌቴን እያዩ ያደንቁ ነበር፤ የእኔ አይደለም እያልኩ መመለስ ሰልችቶኝ በኋላ ዝም አልኩ። በመጨረሻው ቀን እዚያ የሚኖር አብሮ አደጌ መጣ። ሳልነግረው፣ እንደ ሌላው ሁሉ እንደምቀር ገምቶ ማረፊያ አዘጋጅቶልኛል፤ ሁሉን ጨርሷል። «ብስክሌቱ አያሳስብህ፤ በሰው እልክልሃለሁ፤ ሳይውል ሳያድር ቡሬ ይገባል» አለኝ።

መውጫ ቀዳዳዬን አገር አቋርጦ ይዞልኝ መጥቷል። አልዋሽም፤ ልቤ ዘለለ። ብስክሌቱ ከተመለሰ ሰውዬው ምን ይላል? ወዲያው ግን እኒያ ሽማግሌ በመገንጠያው ፀሐይ ጥላቸውን ዘርግተው፣ ስለ ልጁ ብለው ሲለምኑ ታዩኝ። ብስክሌቱ ተመልሶ እንኳ ለእኔ መተኪያ ሲለምኑ።

«ዋስ የተጠራው ለእኔም ጭምር ነው» አልኩት።

«ማን ነው ዋሱ?» አለኝ። ስነግረው ብዙ አልተከራከረኝም። የእኛው አገር ልጅ ነው። ብስክሌቱን ለአውሮፕላን ጭነት ልፈታ የያዝኩትን መፍቻ ከእጄ ወስዶ ፔዳሉን ይፈታልኝ ጀመር።

ፍኖተ ሰላም ስወርድ የባጃጅ ልጆች «ሆላንድ ደርሶ መልስ!» ብለው ተቀበሉኝ። አንዳንዱ አዘነልኝ፤ አንዳንዱ በሽተኛ ሳልሆን አልቀርም ብሎ ጠረጠረ። እናቴ አቅፋኝ ስማኝ፣ «መጀመሪያ የሰው ዕቃ» አለችና በማግስቱ ወደ ቡሬ ሰደደችኝ። ሰውዬው ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ አየ፤ ሰንሰለቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። በአንሶላው ጠቅልሎ ሰቀለው። የንስሐ አባቴም ሳገኛቸው መስቀላቸውን አሳለሙኝ እንጂ ስለ መመለሴ አንድም ነገር አላነሡም።

ከቡሬ የተመለስኩት ለምሳ ነበር። እናቴ አቀረበችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አንድ ሁለት ስጎርስ አየችኝ። ከዚያ በቀስታ፣ ሰው ሩቅ ዘመዱን ስለ ጤናው እንደሚጠይቅ አድርጋ፣

«ሳይክሉ ያንተ ቢሆን ትመጣልኝ ነበር?» አለችኝ።

እመጣ ነበር ልላት አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ግን ቶሎ ብላ እጇን አፌ ላይ አደረገች።

«ተው» አለችኝ። «መጥተሃል። አትመልስልኝ።»