ቆርቆሮ ጭኜ ሣር ልመና

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

የደብረ ብርሃን ብርድ ሰላምታ አያውቅም፤ ገና በሩን ስከፍት ጆሮዬን ይዞ ጎተተኝ። ሹፌራችን ሽመልስ የአይሱዙውን ሞተር እያሞቀ ነው።

«ኢንጂነር፣ ጋቢሽን ደርቢ፤ መንዝ በጃኬት አይደፈርም» አለኝ።

እኔ እቴ! ብርዱ መች ታየኝ፤ ሌሊቱን በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እስካሁን ድርጅታችን ለኔ ሲሰጠኝ የኖረው የሆቴል ኮርኒስ፣ የቢሮ ጂፕሰምና የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ነው። አሁን ግን ከራቤል ወዲህ ባለች አንዲት የግሼ መንደር የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት እናድሳለን። ክብ ነው፣ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ የብራና መጻሕፍት የሚቀመጡበት። ግድግዳው ተጠግኗል፤ ወራጁና ማገሩ ቆሟል። የቀረው የሣር ክዳኑ ብቻ ነው፣ ክረምቱም ደርሷል።

የዘገየው በኔ ጥፋት ነው። ሣርም እንደ ሴራሚክ በስልክ የሚታዘዝ መስሎኝ ለአንድ ነጋዴ ደወልኩ። የመጣው ገለባ ነበር። የደብሩ አለቃ መምሬ ጥላሁን አንድ ጭብጥ አንስተው በጣታቸው አሹና «ልጄ፣ ይሄ ለከብት ነው» ብለው መለሱት። እሳቸው የሚሉት ጓሳን ነው፤ በዚያ ደጋ የሚበቅለውን፣ አንዴ ከተከደነ ዘመን የሚሻገረውን ሣር። አለቃዬ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውሎ «እስከ ሰኞ ጓሳ ካላገኘሽ በቆርቆሮ ክደኑትና ውጡ» አለኝ። ቆርቆሮው ይኸው ከኋላችን በሸራ ተሸፍኖ ተጭኗል። ሽመልስን ለማንም እንዳይናገር አስምዬዋለሁ።

3 ሰዓት፣ ጣርማ በር

ጉም። ከፊታችን ያለው መኪና የኋላ መብራቱ ብቻ ይታያል። ከዋናው መንገድ ወደ መንዝ ስንታጠፍ ሽመልስ አማተበ፣ እኔም አማተብኩ። አንዲት ሴት በመስኮት የገብስ ቆሎ ሸጠችልን፤ ትኩስ ነው፣ ኪሴ ውስጥ ከትቼ እጄን አሞቅኩበት። ነፋሱ ሸራውን ይጎትታል። ሁለቴ ወርደን አጥብቀን አሰርነው።

6 ሰዓት፣ መሐል ሜዳ

ከተማው ሞቅ ብሏል። የሚኒባስ ረዳት «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን! አንድ ሰው!» ይላል፣ ውስጡ ግን ገና ባዶ ነው። የመንዝ በግ ጥብስ አዘዝን፤ ጣት የሚያስቆረጥም ነው! ባለቤቲቱን ጓሳ የት እንደሚሸጥ ጠየቅኋት፤ ሳቀችብኝ።

«የኔ እህት፣ ጓሳውማ ተዘግቷል። የሚታጨደው አገሬው መክሮ ሲከፍተው ነው፤ ያን ጊዜ ያጨደ አጨደ። አሁን ያለው በየሰው ቤት ነው። ለገመድ፣ ለመጥረጊያ፣ ለክዳን ያስቀመጠውን ማን ያወጣልሻል?»

ጥብሱን ትቼ እጄን ታጠብኩ። ሽመልስ ግን አጥንቱን እየጋጠ «ያለው ሰው ይሰጣል፤ ዋናው አጠያየቁ ነው» አለኝ።

9 ሰዓት፣ ጓሳ ሜዳ

በስማም! መኪናውን አቁም ብዬ ጮህኩ። እስከ ዓይን ጥግ ሣር ነው፤ ነፋሱ ሲነካው ሜዳው በሙሉ ይተኛና ይነሳል። ጅብራው፣ ያ እንደ ምሰሶ የሚቆመው የደጋ ተክል፣ እዚህም እዚያም ተገትሯል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። የምፈልገው ሣር ይኸው እግሬ ሥር ነው፤ አንዲት ዘለላ ግን መንቀል አልችልም። የጠበቁት ሰዎች ስላሉ ነው ያማረው። ሳላስበው እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ።

10 ሰዓት ተኩል፣ መንደሩ

መምሬ ጥላሁን ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቁኝ። ሠራተኞቻችን ያቆሙትን ወራጅ እያሳየኋቸው፣ እንደዘበት «መምሬ፣ እንዲያው ቆርቆሮ ቢሆንስ?» አልኳቸው።

«ሌሊት ውርጩ ቆርቆሮውን ይይዘዋል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ያልበዋል። ላቡ የሚንጠባጠበው ታዲያ ዳዊቱ ላይ ነው፣ ልጄ።»

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ያኔውኑ ነፋሱ ሸራውን ገለበጠው፤ ቆርቆሮው እየተንቋቋ ለመንደሩ ሁሉ ታየ። ሽመልስ ሮጠ፣ ግን ምን ዋጋ አለው!

«ቆርቆሮ ጭነሽ ነው ሣር ልትለምኚ የመጣሽው?» አሉኝ መምሬ።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! እሳቸው ግን አልተቆጡም። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ራስሽ ንገሪ፤ ሸራውንም አትመልሺው» አሉኝ።

እሑድ፣ 3 ሰዓት

ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ገለባውን፣ የአለቃዬን ትእዛዝ፣ ቆርቆሮውን መደበቄንም። አንድ የበግ ጠጉር ባና የለበሱ ሰውዬ «ለድርጅት ሣር የምናዋጣው በምን ዕዳችን ነው?» አሉ።

አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። እማማ አስካለ ይባላሉ። «ቆርቆሮው አዲስ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ስሙኝ። በዚህ መንደር በሣር ቤት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ክዳኔን ላስለውጥበት ያስቀመጥኩት ጓሳ አለ፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ ግን የሚከድንልኝ አጣሁ። ሣሩ ለታቦቱ፣ ቆርቆሮው ለኔ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «እማማ አስካለ ነገዱ!» ሲል፣ «ከእግዜር ጋር ያልነገድኩ ከማን ጋር ልነግድ?» አሉት።

መምሬ ተነሱ። «የአስካለ ሣር ግማሹንም አይከድንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ብለው ባርከው አሰናበቱን።

እኔ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣሁ። አለቃዬ ታሪኩን ሲሰማ ሳቀ። «ጓሳው ሰኞ ከተገኘ ቆርቆሮውን እኔ ምን ላደርገው? ለሴትየዋ ቤታቸውን አልብሺላቸው» አለኝ። እልል ማለት አማረኝ። አልኩም!

ሰኞ፣ ማለዳ

መጀመሪያ የደረሱት ባና የለበሱት ሰውዬ ናቸው፤ ሁለት ሸክም ጓሳ አምጥተው «ለድርጅቱ እንዳይመስልሽ» እያሉ ወረወሩት። ከኋላቸው መንደሩ በሙሉ ተከተለ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሽማግሌዎቹ ወራጁ ላይ ወጥተው ሣሩን ሲደራርቡ፣ እኔ ከታች ነዶ አቀባይ ሆንኩ። ሽመልስም ተላላኪ ሆነ። የኛ አናጢዎች ደግሞ የእማማ አስካለን ቤት በቆርቆሮ መክደን ያዙ።

ዓርብ፣ ከሰዓት

የመጨረሻው ነዶ እንደታሰረ ሰማዩ ጠቆረ። ዕቃው ገና ስላልገባ ሁላችንም ዘለን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገባን። ዝናቡ ወረደ። ሽቅብ አንጋጠን ጠበቅን፤ አንዲት ጠብታ የለም። ድምፁም ከሩቅ እንደሚሰማ ሹክሹክታ ነው።

እማማ አስካለ መሐል ላይ ቆመዋል። «ማታ ሲያካፋ የኔ ቤት ከበሮ ሲመታ አደረ» አሉ። «ግን አላፈሰሰም፣ ተመስገን። እርጥብ ሳይነካኝ አደርኩ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሙሽራ ሆኜ ስገባ የቤቴ ዝናብ እንዲህ ነበር የሚለው» አሉ።

መምሬ ጥላሁን ዳዊቱን ጋቢያቸው ውስጥ ታቅፈው ደጁ ላይ ደረሱ። ዕቃው ከገባ በኋላ ከካህናት በቀር እዚያ ቤት የሚገባ የለም። ቶሎ ቶሎ መውጣት ጀመርን። እማማ አስካለ ግን ዝናቡን እያዳመጡ ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም።

«መምሬ፣ ትንሽ ይቆዩኝ» አሉ።

መምሬ እሳቸውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ዳዊቱን ይበልጥ ሸፍነው ከክዳኑ ጠርዝ ሥር ቆሙ፤ ዝናቡ እስኪያባራ።