የሞላ እጅ

ጓንቱን ያገኘሁት አባቴ ካረፈ በኋላ ኮቱን ለአጎቴ ልንሰጥ ኪሱን ስንፈትሽ ነው። ለጠዋቱ የእንጦጦ ብርድ የሚያጠልቀው የግራ እጅ የሱፍ ጓንት ነው፤ የትንሿና የቀለበት ጣቱ ማደሪያ በእናቴ ስፌት ተዘግቷል። እስካሁን ሰጋቱራና ኮላ ይሸታል።

አባቴ እዚሁ ጉለሌ አናጺ ነበረ። ሁለቱን ጣቶቹን መላጊያው ማሽን የወሰዳቸው እኔ ሳልወለድ ነው። ከዚያ ወዲህ ግራ እጁ ሰው ፊት አልወጣም። ቸርች ውስጥ ሕዝቡ እያጨበጨበ ሲዘምር እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ በእግሩ ብቻ ይመታል። ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ሲሆን የምትመጣው እናቴ ነበረች። እሱም እንዲመጣልኝ እመኝ ነበር፤ ጠይቄው ግን አላውቅም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የኮምፒውተር አስተማሪያችን በስምንት መቁጠርን አስተማረን። ሰው በአሥር የሚቆጥረው አሥር ጣት ስላለው ነው፣ ስምንት ቢኖረው ኖሮ በስምንት ይቆጥር ነበር አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ቤት የምደርስበት ሰዓት ራቀብኝ።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ደጃፍ ላይ አስቀምጬው፣ በገዛ እርሳሱ የጣውላ ቁራጭ ላይ እየጻፍኩ አስረዳሁት። እስከ ሰባት እንደማንኛውም ሰው ነው። ስምንተኛው ላይ እጅ ይሞላል፤ ሲሞላ አንድና ዜሮ ይጻፋል፣ እንደ አሥር። ስምንትና ዘጠኝ የሚባሉ አሃዞች የሉም፣ አያስፈልጉም። የጻፍኩትን በቀኝ ጣቱ እየተከተለ ሰማኝ። ከዚያ ግራ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ከቀኙ አጠገብ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው።

«እንዲህ ከሆነ እኔ ላይ የጎደለ የለም ማለት ነው» አለ።

«የለም» አልኩት።

በዚሁ አጻጻፍ የሰባትን ብዜቶች ደረደርን፤ 7፣ 16 (አንድ ስምንትና ስድስት፣ ማለትም አሥራ አራት)፣ 25፣ 34። የእያንዳንዳቸው አሃዞች ሲደመሩ ሰባት ይመጣሉ። ለትልልቅ ቁጥሮችም ድምሩ ለሰባት ከተካፈለ ቁጥሩ ይካፈላል አልኩት። አላመነኝም፤ አናጺ ያልለካውን አያምንም። ስለዚህ ዊንጌት ታክሲ ስንጠብቅ በሚኒባስ ታርጋ ይፈትነው ጀመር። ስምንት ወይም ዘጠኝ ያለበት ሲያልፍ «ይሄ የነሱ ነው» ብሎ ይተወዋል። የኛ የሆነውን ሲያሰላ ስንቱ የሸጎሌ ታክሲ ጥሎን ሄዷል። ደንቡ ግን አንዴም አልሳተም።

ይህ ሁሉ በእኔና በእሱ መካከል ነው። ሰው ሲመጣ እጁ ኪሱ ይገባል። የወላጆች ቀን ላይም አልመጣም።

ባለፈው ክረምት ሆስፒታል ተኛ። አፍንጫና አፉ በኦክስጅን ስለተሸፈነ መናገር አይችልም። ነርሷ ጎንበስ ብላ «አባባ፣ ሕመሙ ከአሥር ስንት ይሆናል? በጣትዎ ያሳዩኝ» አለችው። ሁለቱንም እጆቹን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጣና፣ ለማያውቃት ሰው፣ ያሉትን ጣቶች በሙሉ ዘረጋላት። ቆጠረችና ስምንት ብላ ጻፈች።

«አሥር ነው» አልኳት።

«ስምንት ነው እኮ ያሳዩኝ።»

«እሱ ጋ ሞልቷል። አሥር ነው።»

እጆቹን አየች፣ እኔን አየች። የጻፈችውን ሰርዛ ማስታገሻ ልታመጣ ሄደች። አባቴ ግራ እጁን ወደ ብርድ ልብሱ አልመለሰውም፤ እስኪያንቀላፋ ድረስ ይዤው ተቀመጥኩ።