የግድቡ ግርጌ ድንጋዮች

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ከቢቸና የላከችልኝ ፎቶ ቁርሴን እንኳ በወጉ አላስጨረሰኝም። የግድቡ አናት ላይ ቆማ፣ ፀጉሯን ንፋስ እየበተነባት ትስቃለች፤ ከሥሩም «አክስቴ፣ ያደግሽበት ቦታ መዝናኛ ሊሆን ነው፣ ካፌ እየተሠራ ነው!» ብላ ጽፋለች። እኔ ግን እሷን አላየሁም። ከኋላዋ፣ ታች ከግድቡ ግርጌ፣ ወጣቶች ከአንድ ትልቅ የድንጋይ ክምር ላይ እያነሱ ጋሪ ላይ ይጭናሉ። ድንጋዩ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ የተደባለቀበት ነው። የያዝኩትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለስኩት።

አባቴ የዚያ ግድብ ዘበኛ ነበር። ከቢቸና ወደ ሞጣ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ ለከተማው ጥቂት መብራትና ለወፍጮ የሚሆን ኃይል የሚሰጥ ትንሽ የአፈር ግድብ ነው። ቤታችን ከጎኑ ባለች ጉብታ ላይ ስለነበረች ከደጃችን ቆመን በአንድ በኩል ሐይቁን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከታች ያለውን መንደር እናያለን፤ ውሃው ከሰው ጣሪያ በላይ ተኝቶ ማየት ደግሞ ልጅ ሆኜም ያስፈራኝ ነበር። በፋሲካ ሰሞን የቢቸና ሰው እየጎረፈ መጥቶ ወጣቱ ሲዋኝ፣ መምህራኑ ከሾላው ጥላ ሥር ጠላቸውን ይዘው ሲጫወቱ፣ ዓሣ አስጋሪው ልጆችን በጀልባ እያዞረ ሲያስጮህ፣ አባቴ ብቻ ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ የግድቡን ግርጌ ቁልቁል እያየ ይቀመጣል። እናቴ «ሰርግ ቤት ተጠርቶ ጣሪያው ያፈሳል አያፈስም ብሎ የሚያንጋጥጥ ሰው» እያለች ትስቅበት ነበር።

ዋናው ሥራው ማለዳ ማለዳ ከግርጌው የምትወጣውን ቀጭን ውሃ በነጭ ጣሳ መቀበል ነበር። ግድቡን የሠራው መሐንዲስ ሲሰናበተው «ውሃ መውጣቱ አያስደንግጥህ፤ የአፈር ግድብ ያልበዋል። ሲፈጥንና አፈር ይዞ ሲወጣ ግን ሆዱ እየተበላ ነውና ጩኽ» ብሎታል። ፍጥነቱን የሚለካበት ሰዓት ግን የሰጠው አልነበረም። አባቴ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ያቋረጠ ሰው ነውና ጣሳዋን ከውሃው ሥር ያስቀምጥና አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል። በደህና ቀን ጣሳዋ የምትሞላው እሱ አሜን ሲል ነው፤ ከዚያ ወደ ፀሐይ ያነሳትና ነጩ የጣሳዋ ታች ጥርት ብሎ ከታየው «ደህና አድሯል» ብሎ ወደ ቁርሱ ይመለሳል። ዐይኑን ጣሳ ላይ ተክሎ የሚጸልይ ክርስቲያን በአገሩ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ዐሥረኛ ዓመቴን በያዝኩበት ክረምት መግቢያ ላይ ከግርጌው ሌላ አዲስ ውሃ ፈለቀ። አባቴ ገና እንዳየው መልኩ ተለወጠ፤ ነጠላውን አጣፍቶ ግድቡን ለሚያስተዳድረው ቢሮ ሊያመለክት ወደ ቢቸና ወረደ። እኔ በዚያ ሰሞን ዐይኔ አብጦ መከራዬን አይ ስለነበር፣ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ፍለጋ በዚያ ውሃ ፊቴን ታጠብኩ፤ በማግሥቱም ደገምኩ። የዐይኔ እብጠት ጎደለልኝ። ለእናቴ ስነግራት ያሰማችው እልልታ እስከ ታችኛው መንደር ተሰማ። አባቴ «ከክረምት በኋላ መጥተን እናያለን» የሚል መልስ ይዞ ሲመለስ፣ ሴቶች ማድጋቸውን አዝለው ተሰልፈው አገኛቸው። ጠበል ፈልቋል!

ከሞጣ መጡ፤ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ከጉንደ ወይን ሳይቀር መጡ። መምጣታቸው ባልከፋ፤ ለመጠመቂያ እንዲመች ብለው ቦታውን በዶማ ያሰፉት ጀመር፣ አፈሩንም እምነት ነው እያሉ፣ ለታመመ ሰው ሊቀቡት በመሐረባቸው ጫፍ እየቋጠሩ ይዘው ይሄዳሉ። አባቴ ግድቡ በየመሐረቡ ተቋጥሮ ሲሄድ እያየ እህል አልበላ አለው። ጠበል አይደለም ቢል መናፍቅ ሊባል ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ ከታች ያለው መንደር አለ፣ የገዛ እህቱ ቤትም እዚያው ነው። ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ መሆኔን አውቅ ስለነበር እንዲገርፈኝ እመኝ ነበር። እሱ ግን ዐይኔን አገላብጦ ያይና «ተሻለሽ? እሰየው» ይለኛል።

ነሐሴ ገባ፤ ሐይቁ ሞላ። ውሃውን ቀነስ የሚያደርገው መዝጊያ ዝጎ አልንቀሳቀስ ብሏል። አባቴ ጣሳዋን አዲሱ ውሃ ሥር ካደረገ ወዲህ ጸሎቱ እያጠረበት ሄደ፦ መጀመሪያ «እስመ ዚአከ ይእቲ መንግሥት» ሲል ሞላች፤ ከሳምንት በኋላ «ኅድግ ለነ አበሳነ» ላይ፤ በፍልሰታ መጨረሻ ደግሞ «ሲሳየነ» ከማለቱ ገነፈለች። ከጣሳዋም ታች እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ አፈር ተኝቷል። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው። የዚያን ዕለት እጄን ይዞ በቅኔ ወንበራቸው ወደ ታወቁት፣ እሱም ተምሮ ወዳቋረጠባቸው ወደ መሪጌታ ሄደ።

«የኔታ» አላቸው ጉልበታቸውን ስሞ፣ «ይች ልጄ ዐይኗ ድኗል፤ አልክድም። ውሃው ግን ከግድቡ ሆድ ነው የሚወጣው።»

የኔታ ዘንጋቸውን አነሱ። ግርጌው ደርሰው ሕዝቡን ፈቀቅ አድርገው ጣሳዋን ራሳቸው አስቀመጡና አቡነ ዘበሰማያትን ጀመሩ። የእሳቸው ንባብ ረጋ ያለ ነውና ገና «በከመ በሰማይ» ላይ ሳሉ ውሃው ጫማቸውን አራሰው። ዝቃጩን በጣታቸው አሹት።

«ከታች ማን ማን ነው ያለው?»

አባቴ ቤቶቹን በየአባወራው ስም ጠራቸው፤ የእህቱን መጨረሻ ላይ።

«እንግዲያው እኔም ሐሰት አልናገርም፣ አንተም አፍህን ያዝ» አሉት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያሉት አጭር ነበር፦ አፈር የወሰደ ይመልስ፤ ዶማ ይዞ የሚመጣ አይኑር፤ ውሃውን የሚሻ ሁሉ አሸዋም ሆነ ድንጋይ ከየቀዬው ተሸክሞ ይምጣ፣ ዘበኛው የሚለውንም ይስማ። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሞ መሄድ የኖረ ነገር ስለሆነ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ በነጋታው መንገዱ በተሸካሚ ተሞላ። የሞጣ ሰው ጥቁሩን፣ የጎረቤት ገበሬ ቀዩን፣ የጉንደ ወይን ሰው ከአፋፉ ነጩን አመጣ። አባቴ ግርጌው ላይ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገብቶ ሁሉንም በተራ በተራ ይቀበላል፤ ተራው ከተዛባ ውሃው አፈሩን ይዞ መውጣቱን አይተውምና፣ በተራው ላይ ግን ግትር ነበር። አንዲት አሮጊት ከራሳቸው የሚበልጥ ድንጋይ ቢያመጡለት «እናቴ፣ የትልቁ ቀን ገና ነው» ብሎ መለሳቸው። እሳቸውም ሌላ ሰው እንዳይቀድማቸው ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ሁለት ቀን ሙሉ ሲራገሙት ሰነበቱ። እኔም እንደ እኩዮቼ በቁና እያመላለስኩ፣ አንዱን ጊዜ ስሸከም ሌላውን ስጫወት ከረምኩ።

ለመስቀል ውሃው ከድንጋዩ ሥር ጥርት ብሎ፣ ዝግ ብሎ መውጣት ጀመረ። አባቴ ጣሳዋን አስቀምጦ ደገመ፣ ደገመ፤ አሜን ሲል ሞላች። እዚያው ተንበርክኮ ሲያለቅስ አየሁት። ቆይቶ የመጣው የቢሮው ሰው ክምሩን ዞሮ ዞሮ አይቶ «ይህን ማን አሠራችሁ?» ቢለው አባቴ «ሕዝቡ ነው፣ ለስለት» ብቻ አለው። ከዚያ በኋላ ነገሩ በቤታችን አልተነሣም። የኔታ አረፉ፤ እናቴ ጠበሉ ለሷ ልጅ እንደ ወጣ እንዳመነች አረፈች፤ በመጨረሻም አባቴ። ጠበልተኛው ከጊዜ ብዛት ስለ ቀረ፣ ምስጢሩም በደንብ ስለ ተጠበቀ ድንጋዩ የምን ድንጋይ እንደሆነ የሚያውቅ ከእኔ በቀር አልተረፈም።

ፎቶው የመጣልኝ ዕለት ወደ ቢሮው ደወልኩ፤ «ደብዳቤ ይጻፉልን» አሉኝ። መንገዱ ሰላም ነው የተባለ ቀን ጠብቄ ከባሕር ዳር በሞጣ በኩል ሄድኩ። ክምሩ ከወገቡ ጎድሏል፤ የካፌው ግድግዳ ግን ባለ ሦስት ቀለም ሆኖ አምሮበታል። ልጆቹን ግድቡን የያዘው ይህ ድንጋይ ነው ብዬ ለመንኳቸው። ጨዋ ልጆች ናቸው፣ አልሰደቡኝም፤ አንደኛው ብቻ እየሳቀ «እማማ፣ ይህን የሚያህል ግድብ በልቅም ድንጋይ ነው እንዴ የቆመው? እኛም እኮ ሥራ ፈጥረን ነው» አለኝ።

ያኔ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያልተናገረውንም ያልካደውንም ነገር ተናገርኩ። «የስለት ድንጋይ ነው ልጆቼ፤ አያቶቻችሁ ተሸክመው ያመጡት። ከሥሩ ያለው ጠበል ነው። ይህ ዐይኔ የዳነው በሱ ነው።»

የሚስቀው ልጅ ያቀፈውን ድንጋይ ሕፃን እንደሚያስተኛ አድርጎ አስቀመጠና አማተበ። ትልልቁ ድንጋይ መጨረሻ ነው የሚገባው አልኳቸው፤ ከምሳ በኋላ የካፌውን ግድግዳ ማፍረስ ጀመሩ። ያጉረመረመ አንድም አልነበረም። እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ ዋሸሁ ወይስ አልዋሸሁም እያልኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሼ መለስ ሲልልኝ፣ ያ ልጅ አሸዋ የሞላ ጆንያ በትከሻው ይዞ፣ ጓደኛውም ጠጠር ይዞ፣ ፊቴ መጥተው ቆሙ። ግርጌው ላይ ድንጋዩ በተነሣበት በኩል ውሃው ወፈር ብሎ ይወርዳል።

«እማማ፣ ትልልቁ መጨረሻ ነው ብለውናል። ከሥር የሚገባው አሸዋው ነው ጠጠሩ?»

አፌን ከፈትኩ። የአሮጊቷን እርግማን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ የኔታ የትኛው ቃል ላይ ሲደርሱ ጣሳዋ እንደ ገነፈለች አስታውሳለሁ። አባቴ የትኛውን እንዳስቀደመ ግን አላየሁም፤ ስጫወት ነበር። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል አብረን አንድ ገበታ ስንቀርብ አንድ ቀን ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር።